የቢርካ ትንፋሽ

ሎክናት ሬግሚን ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር። አሁን የማወራው እኔ ነኝና «እሱ» ይበቃዋል።

ናጎያ ዳርቻ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ የሎክናት ምግብ ቤት አለ። በሩ ላይ በረዶ የለበሰ ተራራ ተስሏል። ጓዳው ውስጥ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ጃፓኖቹ የሚወዱትን ቅቤ የበዛበት ዶሮና ትልልቅ ቂጣ ሌላ ሰው ይሠራል፤ የኛን ሰው ሩዝና ምስር ግን ስድስት ዓመት ሙሉ የሠራሁት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ፎቁ ላይ ያለው አዳራሽ በኔፓሊዎች ይሞላል። ከፋብሪካ የወጣው፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ የዋለችው፣ ቋንቋ ተማሪው፣ ሁሉም ጫማውን በር ላይ እያወለቀ ይገባና «ቱላሳ ዲዲ፣ በራብ ልንሞት ነው!» ይላል። የሁሉም ታላቅ እህት አደረጉኝ። ጣቱን እየላሰ «ዲዲ፣ እናቴን አስረሳሽኝ» ያለኝን ጎረምሳ ቁጥሩን አላውቀውም።

እናቶቻቸው የኔን ሩዝ ቢያዩ ግን በዱላ ያባርሩኝ ነበር። ዳማይ ነና። ዳማይ ማለት ሰፊና ነፊ ነው፤ አገራችን ላይ የሰውን ልብስ የምንሰፋ፣ ሰርጉን በሙዚቃ የምናደምቅ እኛ ነን። ያለ እኛ ሙሽራ ከቤቷ አትወጣም፤ እኛ ደግሞ ቤቷ አንገባም። ስንነፋ ውለን ምግባችንን ከአጥሩ ውጪ፣ ከውሾቹ ትንሽ ራቅ ብለን እንበላለን። እጃችን የነካውን ውሃ፣ በውሃ የቀቀልነውን ሩዝ የላይኛው ሰው አይቀምስም፤ ይረክሳል ይባላል። ሎክናት ደግሞ የካህን ዘር ነው፣ ከላይም የላይኛው። ስሜን ጠየቀኝ፣ «ቱላሳ አድሂካሪ» አልኩት። አድሂካሪ የሚባል ከላይም አለ፣ ከታችም አለ። እሱ ከላይኞቹ ቆጠረኝ፣ እኔም «ተሳስተዋል» አላልኩትም። ማን ጠየቀኝና! ስድስት ዓመት ሩዜን በላ። አልረከሰም፣ ወፈረ እንጂ።

ባሌ ቢርካ የመኪና ዕቃ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ብረት ሲጨፈልቅ ይውላል። ዝምተኛ ነው። አባቱ ግን በሰባት መንደር የታወቀ የሳሃናይ ነፊ ነበር። ሳሃናይ ጫፉ እንደ በግ ቀንድ የታጠፈ ጥሩምባ ነው፤ ሲያስቅም ሲያስለቅስም ያውቅበታል። ቢርካ ከአባቱ ሥር ቁጭ ብሎ ነው የተማረው። ጃፓን ስንመጣ ሳሃናዩን ለወንድሙ ትቶ መጣ። ጣቶቹ ግን አልተዉትም። ባቡር ውስጥ ጉልበቱ ላይ ሲጫወቱ አያቸዋለሁ፤ እጄን ጫን ሳደርግባቸው ያፍርና ያቆማል።

ነገሩ የጀመረው ከጎረቤቶቻችን ነው። አንድ ቀን ጠዋት ስመጣ ምሰሶው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ሽታቸው፣ ጫጫታቸው፣ ቆሻሻቸው ይላል። እኛን ነው። ሰፈሩ ተፈራርሞ ለሕንፃው ባለቤት ለሞሪሺታ አመለከተ፤ ኪራዩ ሲያልቅ እንዳይታደስ፣ ኔፓሊዎቹ እንዲወጡ። አንዲት ሴትዮ በበሯ ሳልፍ አፍንጫዋን ያዘች።

መቼም ያን ቅዳሜ የመጣ ሰው! አዳራሹ ሞልቶ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ሎክናት ተነሣ። የኔፓሊዎች ማኅበራችን ሊቀ መንበርም እሱ ነው።

«ወንድሞቼ፣ እህቶቼ!» አለ። «ለነዚህ ሰዎች ካህን የለ፣ ወታደር የለ፣ የተራራ የለ፣ የቆላ የለ። አንድ ላይ ነው የጠሉን፤ እኛም አንድ ላይ እንቆማለን። እዚህ አገር ዘር የሚባል ነገር የለም! ሁላችንም ኔፓሊ ነን!»

ሰው አጨበጨበ። አንዳንዱ አለቀሰ። እኔ ራሴ እንባዬ መጣ፣ አልዋሽም። ከዚያ በኋላ ተራ ገብተን መንገዱን ጠረግን፤ ቆሻሻ እንዴት እንደሚለይ ተማርን፤ የሚቃጠለው በዚህ ቀን፣ ጠርሙሱ በዚያ ቀን፣ ብረታ ብረቱ በሌላ ቀን። ከጃፓኖቹ እስክንበልጥ ድረስ ተማርነው።

ሞሪሺታ ክፉ ሽማግሌ አይደለም። ሎክናትን ጠርቶ «በመኸር በዓላችን ላይ ከሰፈሩ ጋር ውጡ። ፊታችሁን ይዩት፤ የማያውቁትን ነው የሚፈሩት» አለው። ሎክናት በደስታ ሰከረ። የአገራችንን የሰርግ ሙዚቃ በእውነተኛ መሣሪያ እየመታን እንወጣለን አለና ከካትማንዱ ከበሮውም ጸናጽሉም ሳሃናዩም መጣ። አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ።

ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር። ያን ቀን ያየሁትን አልረሳውም። ዳን ማጋር የሚባል፣ ከቢርካ ጋር ፋብሪካ የሚሠራ ቀልደኛ ልጅ መጀመሪያ ተነሣ።

«አምጡት እስቲ፣ ይሄ ምን ይከብዳል?» ብሎ ሳሃናዩን ነፋው። የታነቀ ፍየል ድምፅ ወጣ።

«ኧረ ልቀቃት፣ ነፍስ አላት!»

«አንተ ዳማይ! ጉንጭህ ሊፈነዳ ነው!» አለ ሌላው፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«ተዉ እንጂ ልጆች፣ እዚህ እንዲህ ያለ ስድብ የለም» አለ ሎክናት፣ እሱም እየሳቀ። ከዚያ ሳሃናዩን ተቀብሎ አፉን በመሐረብ ወልውሎ ነፋ። ምራቅ ብቻ ወጣ። ሰው ሁሉ ተራ በተራ ሞከረ። ማንም አልቻለም፤ ከየት ይችላል? የሚችለው ቤታቸው የማይገባው ሰው ነው። ቢርካ ጥግ ላይ እጆቹን ጭኖቹ ሥር ቀብሮ ተቀምጧል። ሲወጣ ግን ለሎክናት «ልጅ ሆኜ ከጎረቤት ልጆች ጋር ትንሽ ትንሽ ሞክሬያለሁ፤ ልለማመድ?» አለው።

ቤት እስክንደርስ አልቻልኩም።

«አበድክ? እኔን ከጓዳ ልታስወጣኝ ነው?»

«አዳራሹ ከተዘጋ ጓዳውስ አብሮ አይዘጋም?»

«ይዘጋ! ተባሮ መሄድ ይሻላል፤ ሌላው አብሮኝ ይባረራል። ካወቁ ግን የምባረረው ብቻዬን ነው።»

«እዚህ ዘር የለም ሲሉ አልሰማሽም? አንቺም አጨብጭበሻል።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ጃፓኖቹ ሲጠሏቸው አንድ ነን ይሉሃል። ሲወዷቸውስ?»

ከዚያ ቀስ ብሎ «ቱላሳ፣ እኔ እስከ መቼ ነው ጉልበቴ ላይ የምነፋው?» አለኝ።

የበዓሉ ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። የሰፈሩ ሰው በግራ በቀኝ ተሰልፏል፤ አፍንጫዋን የያዘችውም ሴትዮ ቆማለች። እኛ የአገር ልብሳችንን ለብሰን ወጣን። ከበሮውን ዳንና ሌሎቹ ይመታሉ፣ ያው እንደ ነገሩ። ቢርካ ሳሃናዩን አፉ ውስጥ አስገባ። ዳማይ ሲነፋ ትንፋሹ አይቋረጥም፤ በአፍንጫው እየሳበ በጉንጩ ያወጣል፣ ለአየር ብሎ አያቆምም። ቢርካ እንዲህ አድርጎ የሙሽራ መውጫውን ዜማ ነፋው። ሙሽራዋ የእናቷን ደጅ ጥላ ስትሄድ የሚነፋውን። ከኛ ሴቶች አንዷ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች፣ ሌላዋም ተከተለቻት፣ ወንዶቹም ዓይናቸውን መጥረግ ጀመሩ። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። እኔ፣ ያን ሁሉ ጊዜ አትንፋ ስል የከረምኩት ሴት፣ «ንፋው ቢርኬ! ንፋው! እሰይ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ያቺ አፍንጫዋን የያዘችው ሴትዮ አጨበጨበች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዜማው አለቀ። ሎክናት ቢርካን ሊያቅፈው እጁን ዘርግቶ መጣ። ቢርካ ያን ጊዜ ሳሃናዩን ግንባሩ ላይ አስነካ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ፣ ወደ ኋላ ብሎ ከመንገዱ ወረደ፤ ጥላው ሎክናት ላይ እንዳያርፍ።

አባቱ ነው ያስተማረው፣ በጥፊ። ነፍተህ ስትጨርስ ለድግሱ ጌታ መንገድ ልቀቅ፣ ጥላህን ሰብስብ። ባዶ እጁን ቢሆን አይሳሳትም ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሎክናት ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጧል። ሳሃናዩን ሲይዝ ግን ሰውነቱ ወደ መንደሩ ተመለሰ። ከጎረቤት ልጆች ጋር ሙዚቃ መማር ይቻላል። እንዲህ ወደ ኋላ ማለት ግን ካልተወለዱበት አይመጣም። ጃፓኖቹ ትሕትና መስሏቸው እነሱም ጎንበስ አሉለት። የኛ ሰው ግን ያውቀዋል። የሎክናት እጅ አየር ላይ ቀረ። ሚስቱ ሳቢትራ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ እጄን አየች።

ሞሪሺታ ኪራዩን አደሰ። ማኅበሩም የድል ግብዣ አደረገ። እኛ አልሰማንም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሽርጤን ላጠልቅ ስል ሳቢትራ ክንዴን ያዘችኝ። ይቅርታ፣ ክንዴን አልያዘችኝም፤ የሹራቤን እጅጌ ነው።

«ነይ እስቲ እህቴ፣ ተቀመጪ» አለችኝ። «ይሄን ሁሉ ዘመን እሳት ፊት ቆመሽ። እኔስ ሴት አይደለሁም? አታሳዝኚኝም? ከዛሬ ጀምሮ ፎቁን ትይዣለሽ። ወለል ማጽዳት፣ መስኮት መወልወል፣ ቀላል ቀላሉን።»

«ሩዙንስ ማን ይሠራል ዲዲ?»

«የአጎቴ ልጅ መጥታለች።»

«ሩዜ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል! ምንም አልሆነም! እኔ መቼም እንዲህ ያለ ነገር አላምንም፣ ታውቂኛለሽ። አማቴ ናቸው እንጂ። ለልጄ ሰርግ መጥተዋል፤ አሮጊት ናቸው፣ ምን ላድርጋቸው?»

«እስከ ዛሬ የበላችሁትስ?»

ሳቢትራ ጣቷ ላይ ያለውን ቀለበት አዞረችው። «ሳያውቁ የበሉት አይቆጠርም» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው እኮ!

የዚያን ሳምንት የብረታ ብረት ቀን ሲደርስ፣ በጓሮው መንገድ ስመጣ ድስቴን አየሁት። ትልቁን የሩዝ ድስት። ታጥቦ፣ ጸድቶ፣ በደንብ ተለይቶ፣ ከቆርቆሮዎቹ ጎን ተቀምጧል። ቆሻሻ መለየት እንዴት ጎብዘናል! ድስቱን ይዤ ልመለስ ብዬ ነበር። ምን ላደርገው? የቆሻሻ መኪናው መጥቶ ሲወስደው ቆሜ አየሁ።

ቅዳሜ የሚመጡት ልጆች አሁንም «ዲዲ» ይሉኛል፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በራብ ልንሞት ነው» የሚለኝ ግን ጠፋ። መንገድ ላይ ቢርካን ሲያገኝ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ አንድ ሰው ቢኖር ሞሪሺታ ነው። ለሱ እኛና ሎክናት ያው ነን። እዚህ አገር ያገኘነው እኩልነት እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ የሎክናት ልጅ ሰርግ ደረሰ። ሎክናት ቢርካን ፋብሪካው በር ላይ ጠብቆ «ወንድሜ፣ ያላንተ ልጄ ከቤት አትወጣም» አለው። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ይባል የለ! አትሄድም አልኩት። እሺ ብሎኝ ነበር። በኋላ ግን ሙሽራዋ ፕራጊያ ራሷ ቤታችን መጣች። ይህች ልጅ እኔ ጓዳ የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን እየሠራች፣ ከእጄ እየጎረሰች ያደገች ናት።

«አጎቴ፣ ስወጣ አንተ ካልነፋህልኝ ቁጭ እላለሁ፣ አልሄድም» አለችው። ቢርካ ቀለጠ። እኔም ሻይ አቀረብኩላት። በጣም እቸኩላለሁ ብላ ሳትጠጣ ሄደች። ምናልባት እውነትም ቸኩላ ይሆናል።

ሰርጉ የተደገሰው እዚያው አዳራሹ ውስጥ ነው፤ ቢርካ በትንፋሹ ባተረፈው አዳራሽ። ሙሽራው ሲመጣ መንገዱ ላይ ነፋ፣ ሰው ጨፈረ። ምግብ ሲቀርብ ሰው ጫማውን አውልቆ ወደ ላይ ወጣ። እኛም ልናወልቅ ጎንበስ ስንል ሎክናት ራሱ ደረጃው ላይ ቆሞ ጠበቀን።

«እናንተማ የቤት ሰዎች ናችሁ» አለ፣ ፊቱ በሳቅ ሞልቶ። «ላይ ሙቀቱ አይቻልም። ከጓሮ ነፋሻ ቦታ አዘጋጅቼላችኋለሁ።»

ብስክሌቶቹ ከሚቆሙበት አጠገብ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ነጭ ጨርቅ ተነጥፎበታል፤ ንጹሕ ነው፣ አልዋሽም። ድስቴ ተጥሎበት የነበረው ቦታ ነው። ሎክናት ምግቡን በእጁ አመጣልን። ላይ ሰው የሚበላው በብረት ሰሃን ነው፤ የኛ በወረቀት።

«ዳይ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ሰሃኑ አለቀ እንዴ?» አልኩት።

«አይ… ይሄ ይቀላል ብዬ ነው። አይታጠብ፣ አያስቸግር። ትጥሉታላችሁ።»

ሲሄድ ዳን ማጋር ሲጋራ ሊያጨስ ወጣ። እኛን ሲያይ ደነገጠ።

«ዲዲ» አለኝ፣ «እኔ በግሌ ምንም ችግር የለብኝም፣ እሺ? እኔ ከናንተ ጋር ብበላ ደስታዬ ነው።»

«እንግዲያው ተቀመጣ።»

በሩን ዞር ብሎ አየ። «ሲጋራዬን ልጨርስ።»

ጨረሰና ገባ።

ቢርካ ምግቡን አልነካም። ሳሃናዩን በጨርቁ ቀስ አድርጎ ጠቀለለ። ላይ ከበሮው ተጀመረ፣ ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ፤ ሙሽራዋ ልትወጣ ነው። ሎክናት እየሮጠ ወረደ።

«ቢርካ! ልጄ ልትወጣ ነው እኮ! ምን ነካህ?»

«ዳይ» አለ ቢርካ፣ «ላይ ገብቼ ከእንግዶቹ ጋር ከበላሁ እነፋለሁ።»

ባሌ እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። የሎክናት ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ዛሬ?» አለ። «እናቴ ባለችበት? የሙሽራው ዘመዶች ባሉበት? ቢርካ፣ እኔን ታውቀኛለህ። ነገ ቤቴ ና፣ በአንድ ሰሃን እንበላለን። ብቻችንን። በልጄ እምልልሃለሁ።»

«ብቻችንን?»

«ብቻችንን!»

«እንግዲያው ሳሃናዩንም ነገ እነፋልሃለሁ። ብቻችንን።»

ተነሥተን ሄድን። ቆዳዬ አልበቃ አለኝ። እንደዚያ ቀን በባሌ ኮርቼ አላውቅም። በልቤ፣ እስቲ ያለኛ ትውጣ! እላለሁ። ሎክናት መንገዱ መሐል ቆሞ ቀርቷል፣ ላይ ሴቶቹ ይጠብቃሉ፣ ፕራጊያ ቁጭ እላለሁ ብላለች። ትቀመጥ! ጣቢያው ደርሰን መድረኩ ላይ እስክንወጣ ድረስ ከኋላችን ምንም አይሰማም። ዝምታው ደስ አለኝ።

ከዚያ ሳሃናይ ተነፋ።

ቢርካን አየሁት። ሳሃናዩ ጨርቅ ውስጥ ነው፣ ብብቱ ሥር። ድምፁ ግን የሱ ነው፤ ያ የማይቆረጥ ትንፋሽ፣ የሙሽራ መውጫው። በበዓሉ ቀን በስልክ የቀረጹትን በትልቁ ድምፅ ማጉያ ከፍተውት ነው። ሙሽራዋ እየወጣች ነው ማለት ነው። ቁጭ አላለችም።

ቢርካ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እንደ ሌላ ሰው ሙዚቃ አዳመጠው። «እዚህ ጋ ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር» አለኝ።

ከዚያ ቀረጻው ውስጥ እኔ መጣሁ። በዚያ ሁሉ ሰፈር ላይ፣ በደስታ የሰከረ ድምፄ፣ «ንፋው ቢርኬ! ንፋው! እሰይ!» ይላል። ላይ ያሉት እንግዶች አጨበጨቡ። አፌን በሻርፔ ያዝኩ፤ ድምፄን ግን ማቆም አልቻልኩም። ባቡሩ እስኪመጣ ድረስ እየጮህኩ ነበር።